የሊቀ ካህናቱ ምትክ

ሚያሚን ለአሥራ አንድ ዓመት የሊቀ ካህናቱ ምትክ ነበር። በየዓመቱ የስርየት ቀን ሰባት ቀን ሲቀረው ከቤቱ ወጥቶ በመቅደሱ ግቢ ባለች ጠባብ ክፍል ለብቻው ይቀመጣል። ሊቀ ካህናቱ ድንገት ቢታመም ወይም ቢረክስ፣ የመሥዋዕቱን ደም ይዞ ከቅድስተ ቅዱሳኑ መጋረጃ ወዲያ የሚገባው እሱ ነው። አንድም ዓመት አልገባም። ጓደኞቹ ካህናት፣ «ሊቀ ካህናቱ ሲያስነጥስ ሚያሚን ለመግባት እግሩን ይታጠባል» እያሉ ይስቁበታል።

በአምስተኛው ቀን ታላቅ እህቱ ይስካ መጣች። ከበሩ አሥር እርምጃ ርቃ ቆመች።

«እንዳትጠጋኝ፤ ሬሳ ነክቻለሁ።»

«እማዬ ናት?»

«ጎህ ሲቀድ አረፈች። ስትጠራህ ነው ያደረችው። ሳይመሽ እንቀብራታለን፤ በል ውጣ።»

«እታለም፣ ከሬሳ ጋር ከዋልኩ ሰባት ቀን ረክሼ እቆያለሁ። ለበዓሉ የቀረው ሦስት ቀን ነው።»

«ለእናቱ ሲሆን ለካህንም ይፈቀድለታል! የማይፈቀድለት ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነው። አንተ ሊቀ ካህናት ነህ እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያስ?»

«እሱ አንድ ነገር ቢሆን እሆናለሁ። ከእኔ ሌላ የተዘጋጀ ሰው የለም።»

«እሱማ ምን ይሆናል፣ በሬ አክሎ!»

ሚያሚን ከደጃፉ አልወጣም። ይስካ ጥቂት ጠብቃው ቁልቁል ወደ ከተማው ወረደች።

በስርየት ቀን ነጩን የበፍታ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሊቀ ካህናቱ አምስት ጊዜ ሲታጠብ የውሃው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማዋል። ቅዱሱ ስም ሲጠራም ሕዝቡ በግንባሩ ሲደፋ ሰማ። ሊቀ ካህናቱ በሰላም ወጣ፤ ሕዝቡም በእልልታ እስከ ቤቱ ሸኘው። ሚያሚን ልብሱን እንደታጠፈ ለልብስ ጠባቂው መለሰ።

«ለከርሞ ያድርስህ» አለው ጠባቂው።

በማግስቱ እናቱ ወደተቀበረችበት ወደ ቄድሮን ሸለቆ ወረደ። ለካህን ወደ እናቱ ሬሳ መቅረብ የተፈቀደለት የመቃብሩ ድንጋይ እስኪዘጋ ድረስ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ፣ እናትም ብትሆን፣ መጠጋት የለም። ካህን ሳያውቅ እንዳይረግጠው ይስካ ዙሪያውን ኖራ ቀብታዋለች። በእጇ ነው የቀባችው፤ የጣቶቿ ፈለግ ይታያል። ከወትሮው አስፍታ ቀብታዋለች።

ሚያሚን ኖራው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እማዬ» አለ፣ «ካህናቱ ዘንድሮም አልጠሩኝም።»