መንገድ ዳር የቀረው ማንጎ

ባለፈው ሳምንት ሐሚድ አረፈ ብለው ደወሉልኝና ለቅሶ ለመድረስ ከአሶሳ ወደ መንጌ ወጣሁ። ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው። መኪናችን ቀዩ ጭቃ ውስጥ ስትንፏቀቅ፣ ማንጎ ከምረው መንገድ ዳር የተቀመጡ ሴቶች አየሁና ሆዴ ባባ። ከሐሚድ ጋር የተቀያየምነው በማንጎ ነበር።

ያኔ ሁለታችንም ገና ሃያዎቹን አላጋመስንም። እኔ የሰፋሪ ልጅ፣ እሱ የመንጌ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ፤ አንድ ክፍል ተምረን፣ ከአንድ ትሪ በልተን ያደግን ነን። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወጣት ነጋዴዎችን ሊያወዳድር አሶሳ ሲመጣ አብረን ተመዘገብን። የሐሚድ ሕልም ጭማቂ ቤት መክፈት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣች ሜሮን የምትባል ፈጣን ልጅ የቡድናችን አለቃ ሆነች። ፈጣን ስል ክፉ ማለቴ አይደለም፤ ብቻ አንዱን ነገር ተናግራ ሳትጨርስ ወደ ሌላው ታልፋለች።

የተሰጠን ሥራ በገበያ ቀን የማንጎ ጭማቂ መሸጥ ነው። ማንጎውን ከመንጌ የሚያመጣው ሐሚድ ነበርና ሜሮን «ማንጎው በጠዋት ይድረስ፤ መኪና አለ» አለችው። «እሺ» አላት። እሷ ተከራይቶ ያመጣል ብላ፣ እሱ ይላክልኛል ብሎ ተለያዩ። ያን ጊዜ መንጌ ላይ ኔትወርክ ብሎ ነገር አይታሰብም። እሱ መንገድ ዳር ከማንጎው ጋር፣ እኛ ገበያ መሀል ከባዶ ብርጭቋችን ጋር ስንጠባበቅ ዋልን። እንደምንም ሲደርስ ገበያው ተበትኖ፣ ማንጎው ጆንያ ውስጥ ሙቀት መትቶት መሽተት ጀምሮ ነበር።

በማግሥቱ ዳኞቹ ፊት ሜሮንና ሐሚድ ጣት ተቀሳሰሩ። ካሜራው ሲጠጋው ሐሚድ አማርኛው ጠፋው፣ ላቡ በፊቱ ወረደ። አላስቻለኝም። አባቴ ከወሎ ይዞት የመጣ ወግ አለ፤ ጠብ ሲከር አንዱ ቀድሞ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ የኔ ነው» ይላል፣ ተካፍለውት ይታረቃሉ። እኛ ሰፈር ይህን የማያውቅ ልጅ የለም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

«የለም» የሚል ጠፋ። ዳኛው «ጥፋትህን ስላመንክ እናመሰግናለን፤ ከውድድሩ ተሰናብተሃል» አለኝ። እሱስ ምን ያድርግ፤ የሰማውን ነው የፈረደው።

ሐሚድ ተከትሎኝ ወጣ። «መኪናውን አንተ ነህ ያስቀረኸው?»

«ኧረ በፍጹም። ነገሩን ላበርድ ብዬ ነው።»

«ሰው ያልሠራው ሠራሁ ይላል? ቅድም ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን?»

መልሴን ሳይጠብቅ ጥሎኝ ገባ። እሱም በቀጣዩ ዙር ወደቀ፤ ጭማቂ ቤቱም ሕልም ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታው አይጎድልም፤ እናቴን፣ ልጆቼን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ቤቱ ግን ጠርቶኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቅሶው ቤት ታላቅ ወንድሙ አጠገቡ አስቀመጠኝ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልን። «በቴሌቪዥን ጥፋቱን ያመነው ልጅ ይሄ ነው» ብሎ ለተቀመጡት አስተዋወቀኝና ወደ እኔ ዞረ።

«ሐሚድ ከመሞቱ በፊት ስምህን አነሳ። የመኪናውን ነገር ለአላህ ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ አለ። አንተም አውፍ በለው።»

በሞተ ሰው ደጅ ክርክር አይነሳም። ሆድ ይፍጀው ብዬ «አውፍ ብዬዋለሁ» አልኩ።

ጓደኛዬ እንደከዳሁት አምኖ ሞተ፤ እንደከዳሁት እያመነም ይቅር አለኝ። የትኛው እንዳስለቀሰኝ እስካሁን አልለየሁትም።