በወረቀት የሸፈንኳቸው ንግግሮች

በደርግ ጊዜ፣ ጉለሌ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ሰዋስውን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ተናገሩ ሲባሉ ግን አንገታቸውን ይደፋሉ።

ጨነቀኝና ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በሥዕል የሚተረኩ የእንግሊዝኛ መጽሔቶች ገዛሁ። የሰዎቹ ንግግር የተጻፈባቸውን ክቦች በነጭ ወረቀት ሸፍኜ፣ "ምን የሚባባሉ ይመስላችኋል? ጻፉበት" አልኳቸው። ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። ዝም ያለችው አንዲት የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ብቻ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን በቅጡ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ካድሬ ሳያንኳኳ ገባ። ሁላቸውም ብድግ አሉ። ከፊተኛው ዴስክ ላይ አንዱን መጽሔት አነሣ። ገጹ ላይ ንጉሥ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል፤ ሕዝቡ እጁን ወደ እሱ ዘርግቶ ይጮኻል።

"ጓድ መምህርት፣ እዚህ ሥር ምን ደብቀዋል?"

"ኧረ ምንም! ልጆቹ ራሳቸው እንዲጽፉበት ብዬ ነው።"

ወረቀቱን በጥፍሩ ላጠው። ሕዝቡ ለንጉሡ ረጅም ዕድሜ ይመኝ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይታሰራል። ካድሬው ጽሑፉ ላይ ጥቂት አፈጠጠና መጽሔቱን ለሸማኔው ልጅ ሰጣት። እንግሊዝኛው እንዳልገባው ያኔ ጠረጠርኩ።

"አንቺ፣ አንብቢና ተርጉሚ።"

እንግሊዝኛውን አንድ ቃል ሳትስት አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ንጉሡን 'ከዙፋንህ ውረድ፣ መሬታችንን መልስልን' እያሉት ነው" አለች።

ውሸቷን የሚያውቁ ሦስት አራት ተማሪዎች እንደነበሩ እርግጠኛ ነኝ። ማንም ትንፍሽ አላለም።

ካድሬው እሷን አየ፤ እኔን አየ። "ታዲያ ይሄ ምን ይሸፈናል? ይነበብ እንጂ!" ብሎ ወጣ።

በዕረፍት ሰዓት ለብቻዋ ጠራኋት።

"የተጻፈው እኮ እንደዚያ አይደለም።"

"አውቃለሁ፣ ቲቸር።"

"አውቀሽ ነው? ቢደረስብሽስ?"

"እርስዎን ቢወስዱዎትስ?" አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች።

ማመስገን ሲገባኝ ፍርሃቴ ቀደመኝ። "ሁለተኛ እንዳይለምድሽ!" ብዬ ጮኽኩባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

የዚያኑ ዕለት መጽሔቶቹን ቤት ወስጄ ከሰል ምድጃ ላይ አቃጠልኳቸው። ማግስቱን ወደ ሰዋስዋችን ተመለስን። ልጅቷ ዓመቱ እስኪያልቅ እጇን አውጥታ አታውቅም። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፋ ሌላ ትምህርት ቤት ገባች፤ እኔም ሳላመሰግናት ቀረሁ።