ዓይን የሌለው ጦር

ከዓረብ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ድካሙ ከላዬ አልወረደም። የወንድሜ ልጅ ያመጣሁላትን ባለክንፍ የፕላስቲክ ወታደሮች ገጣጥማ በጥፍር ቀለም ትቀባለች። ሽታው ያዞረኛል።

ልጅ ሳለን እኔና አባቷ ከሐይቅ ዳር ጭቃ አምጥተን ጦር ሠራዊት እንሠራ ነበር። ግማሹን በከሰል፣ ግማሹን በቀይ አፈር ቀብተን ደጃፍ ላይ እናሰልፋለን። አያታችን የመስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ፣ "ዓይን እንዳታበጁላቸው! በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ ነፍስ ዝሩባቸው ብትባሉ ከየት ታመጣላችሁ?" ይሉናል።

"ታዲያ ጠላታቸውን በምን ያያሉ፣ አባባ?" አላቸው አንድ ቀን ወንድሜ።

"ካላዩ አይዋጉዋ!"

ወንድሜ ዛሬ እውነተኛ ወታደር ነው። ከደወለ ቆይቷል።

"አክስቴ፣ ዓይናቸውን አንቺ ሳይልኝ" አለችኝ ልጅቷ።

ብሩሹን ተቀበልኳት። ቀለሙ ጫፉ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ያዝኩት።