በእኛና በአደ ሀሊማ ግቢ መካከል የነበረችው በር

ባለፈው ቅዳሜ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ደወለልኝ። ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ሰፈር አካባቢ አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ ሊያከራየው ነው። የተላጠውን ቀለም፣ የዛገውን ቆርቆሮ፣ ያበጠውን ኮርኒስ ሁሉ ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። «አጎቴ፣ የቱ ይታደስ? የቱ ነው ወጪውን የሚመልሰው?» አለኝ። ዕድሜዬን በግንበኝነት ስለጨረስኩ ቤት የገዛ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ልየውና እደውልልሃለሁ ብዬው ፎቶዎቹን ማየት ጀመርኩ። ሐሳቤ ግን መጋላ ሰፈር ወደነበረው የወላጆቼ ቤት ሄደ።

አባዬ ባቡር ጋራዥ ሠርቶ፣ ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የገዛው ቤት ነው። ከጎረቤታችን ከአደ ሀሊማ ግቢ በሚለየን ግንብ ላይ ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍባት ትንሽ የእንጨት በር ነበረች። ያኔ በሰፈራችን እንዲህ ያለ በር ብርቅ አልነበረም፤ ሴቶቹ መንገድ ሳይወጡ ይገናኙበታል። ሰፈሩ በክብር «አደ» የሚላት ሀሊማ ባሏ ሞቶ፣ ልጇ ጅቡቲ ሄዶ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ስለዚህ የመንገዱን በር ከውስጥ ቀርቅራ ትውላለች፤ ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ በእኛ ግቢ በኩል ያልፋል። ጠዋት ጠዋት «ያ ወርቄ! ሆጃው ሊቀዘቅዝ ነው!» እያለች እማዬን ትጠራታለች። የቡና ገለባ በወተት ሲፈላ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። በረመዳን ሳምቡሳው ወደ እኛ፣ በፋሲካ ድፎ ዳቦው ወደ እሷ ይሻገራል። ሁለቱም ደፉ ላይ ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ሲያማርሩ ላያቸው ሰው፣ ጧሪ የሚያስፈልገው ለእነሱ ሳይሆን ለጉልበታቸው ይመስል ነበር።

አባዬ በሞተ በዓመቱ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣ። እዚያ አሮጌ ቤት እያደሱ ማከራየት ጀምሯል። ዋናውን ቤት ለአንድ ድርጅት ሠራተኞች እናከራየው፣ እናንተ ከኋላ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ትኖራላችሁ አለን። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ከአባዬ ጡረታ በቀር ሌላ ገቢ አልነበረንም። አንድ ደላላ ይዞ ግቢውን ዞረ።

«ጣሪያው ይቆይ» አለ ደላላው። «ድሬ ዝናብ መች አለና! የሚታየውን አሳምሩት። ግን አቦ፣ ይሄ በር ምንድነው? ተከራይ እኮ ጎረቤት ዘው የሚልበትን ግቢ አይፈልግም።»

«ይደፈናል» አለ ወንድሜ።

«ልጄ፣ ሀሊማስ በየት ትምጣ?» አለች እማዬ።

«በመንገድ ትዞራለቻ!»

 ወንድሜ ያመጣው ግንበኛ ብሎኬቱን ሲደረድር አደ ሀሊማ ከወዲያ ማዶ ሆና በቀረችው ክፍተት ሆጃ አቀበለችው። በሯን ለሚደፍንባት ሰው! እኔ የቤቱ ልጅ ሆኜ አፈርኩ። በመጨረሻም ግንቡ ከፍ ተደረገና ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ተተከለበት።

በመንገድ ለመዞር ከእኛ በር ተነስቶ በሱቆቹ በኩል ታጥፎ ሌላ ቅያስ መግባት ነው። ለእኔ ምንም አልነበረም። ጉልበቷን ለሚያማት ሴት፣ ያውም በድሬ ፀሐይ፣ ጉዞ ነው። የየዕለቱ መገናኘት የሳምንት ሆነ፤ ሙቀቱ ሲብስ እሱም ቀረ።

በግንቦት አንድ ረፋድ ላይ እማዬ ከግንቡ ወዲያ ስሟ ሲጠራ ሰማች። ደካማ ድምፅ ነበር። ነጠላዋን እንኳ ሳትይዝ ወጥታ በመንገድ ዞረች። እኔ ከገበያ ስመለስ ያገኘኋት የአደ ሀሊማን በር በድንጋይ ስትደበድብ ነው። እንደወትሮው ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሮጬ ወደ ግቢያችን ተመለስኩና መሰላል አቆምኩ፤ ጠርሙሱ ላይ ጆንያ ደርቤ ወደ ውስጥ ዘለልኩ። አደ ሀሊማ ከውሃው በርሜል አጠገብ ወድቃ ነበር። እጇ ይሞቃል፤ ትንፋሽ ግን የላትም።

ለቀስተኛው እማዬን ሊያጽናናት ሞከረ። ቶሎ ብትደርሺም አትተርፍም ነበር፣ ቀኗ ነው አሏት።

«ባትተርፍስ» አለች እማዬ። «ብቻዋን አትሞትም ነበር።»

ቤቱ ቶሎ ተከራየ። ከገቡት መካከል ገና የተዳረች የሐረር ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ግንቡን ተከትላ በር ስትፈልግ ቆየችና «እማማ፣ ጎረቤት በየት ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀች። እማዬ ወደ ሰርቪስ ቤቷ ገባች። እስኪመሽ አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ግንብ ገንብቻለሁ፤ ብዙ በርም ደፍኛለሁ፤ እንጀራዬ ነውና። ሲሚንቶና ብረት ስንት እንደሚፈጅ በዓይኔ አይቼ እናገራለሁ። ከአንድ ቤት ውስጥ የትኛው ነገር ሰውን አቁሞ እንደያዘ ግን ከነዋሪው በቀር ማን ያውቀዋል? ነዋሪውን ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

አመሻሽ ላይ ለልጁ ደወልኩለት። ጣሪያውን፣ የመብራት መስመሩን፣ የውሃ ታንከሩን አስቀድም፤ ለኮርኒስ ጌጥ ገንዘብህን አትበትን አልኩት።

«ሌላስ አጎቴ?»

«ጎረቤቶቹን ተዋውቀሃቸዋል?»

ሳቀ። «እኔ እኮ አልኖርበትም» አለኝ።

ክፉ ልጅ አይደለም። አባቱም ክፉ አልነበረም፤ እሱም አልኖረበትም።