አሥር ያልሞላ ምኩራብ

የሌላውን ስም የሚወርስ ሰው የሌላውን ሸክም አብሮ ሲወርስ እምብዛም አይታይም። ዴልሚራ ሶቴሎን አውቃት ስለ ነበር ግን ይህን ፍርድ ያለ ማመንታት አልጽፈውም።

አይሁድ ከሩሲያ ተሰደው መጥተው ስንዴ በዘሩባት፣ በኤንትሬ ሪዮስ አውራጃ በምትገኘው መንደራችን፣ ዴልሚራ የዶን ናውም ግሌይዘር ቤት ሠራተኛ ነበረች። የዶን ናውም ሚስት ዶኛ ፍሩማ በታመሙ ጊዜ ያጠበቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን የከደነችው እርሷ ናት። እሑድ እሑድ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነው የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ከፊት ወንበር ትቀመጥ ነበር። ፓስተር ኢላሪዮ አዘውትሮ የሚያስተምረው፣ የጥንቱ ተስፋ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተላለፈና እውነተኞቹ እስራኤል ምእመናኑ እንደ ሆኑ ነበር። ሌሎቹ ይህን በኩራት ሰሙት፤ ዴልሚራ የዝምድና ወሬ መስሏት ተደሰተች። ስሕተቷ የጀመረው ከዚያ ነው።

የዶኛ ፍሩማ ሙት ዓመት ደረሰ። ቃዲሽ የሚባለው የሙታን መታሰቢያ ጸሎት አሥር አይሁድ ወንዶች ካልተሟሉ አይደርስም። ወጣቱ ወደ ቦነስ አይረስ ስለ ፈለሰ በመንደሩ የቀሩት ዘጠኝ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዶን ናውም ምግብ አልበላ አላቸው።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለው?» አለቻቸው ዴልሚራ።

«አንድ ብቻ። የፊት ጥርስም የሚጎድለው አንድ ብቻ ነው፤ ሳቅ ግን ያበላሻል።»

ዴልሚራ ቤቷ ገብታ ከብት ጠባቂ ባሏን ሴፌሪኖን የሠርጉን ኮት አስለበሰችው።

«እኔ ነኝ አይሁድ? እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ትለኛለች» አለ።

«ፓስተሩ የሚለውን አልሰማህም? እስራኤል ነን።»

«እኔ ሰምቻለሁ። በሬዎቹ ናቸው ያልሰሙት፤ ዛሬም እንደ ድሮው ይረግጡኛል።»

«አፍህንም ኮትህንም ቆልፍ።»

አመሻሹ ላይ በምኩራቡ ደጃፍ ሲደርሱና ዴልሚራ ነገሩን ስታስረዳ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። ልብስ ሰፊው ዶን ቤርናርዶ ግን አልሳቁም።

«በዚህ ስም ምክንያት ሩሲያ ውስጥ የአያቶቻችንን ቤት አቃጠሉ» አሉ። «ዛሬ ስሙንም ወሰዳችሁ። እኛስ ማን እንባል?»

ፓስተሩ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ከመድረክ አንሥቶት አያውቅም። ዶን ናውም የሴፌሪኖን ክንድ ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡት፤ ነገር ግን ከአሥሩ አልቆጠሩትም። ቃዲሹ ሳይደርስ ተበተኑ።

«ይቅር ይበሉኝ ዶን ናውም» አለች በመንገድ ላይ።

«ከሰው ሁሉ የገዛ ባልሽን ነው ያመጣሽልኝ፤ ምኑን ይቅር ልበል? ግን ልጄ፣ የፍሩማን ዓይን የከደንሽው እስራኤል ሆነሽ ነው?»

«ኧረ ዴልሚራ ሆኜ ነው።»

«እንግዲያው እንደዚያው ሁኚልኝ።»

ዕለቱ በአይሁድ አቆጣጠር ከማታ እስከ ማታ ስለ ሆነ፣ የማግስቱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ ነበረ። ዴልሚራ ጠዋት በወተት መኪና ተሳፍራ ወደ ጎረቤት ከተማ ሄደች። እዚያ የእንስሳት ሐኪሙ ማርኮስ ነበር፤ ከአይሁድ እናትና አባት ተወልዶ ካቶሊክ ሴት በማግባቱ ሽማግሌዎቹ የራቁት ሰው። ስትደርስ አንዲት ላም ያዋልድ ነበር።

«በሠርጌ ቀን አንዳቸውም ብቅ አላሉም። አይሁድነቴን ያስታወሱት ቁጥር ሲጎድላቸው ነው?» አለ።

«እነርሱ አልላኩኝም። እኛ ትናንት ልንሞላላቸው ሞክረን አልሆነልንም። እርስዎ ደግሞ ሳይሞክሩ አይሁድ ሆነው ተወልደዋል።»

«ልትሰብኪኝ ነው የመጣሽው?»

«ስብከት እኛ ጋ ሞልቷል። እኔ ልመና ነው የያዝኩት።»

ማርኮስ ጥጃዋን ደግፎ አቆማት። ከዚያ እጁን ታጠበ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ምኩራቡ ውስጥ ሲገባ ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ዶን ቤርናርዶ ግን ከአግዳሚው ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡት። ዶን ናውም ቃዲሹን በተሰበረ ድምፅ አደረሱ። ዴልሚራ ከመስኮቱ ሥር ቆማ ሰማች። ከቃሉ አንዱንም አላወቀችም፤ አሜን የሚባልበትን ግን ለየችው፤ አብራቸውም አለች።

ብዙ አላወድሳትም፤ መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባውን በሁለተኛው ቀን አደረገች። ፓስተሯና የተቀሩት ምእመናን በሁለተኛውም ቀን አላደረጉትም። ቤተ ክርስቲያን ከአይሁድ ሥር የበቀለች ቅርንጫፍ ናት፤ ቅርንጫፍ በሥሩ ይለመልማልና የሥሩ ባለዕዳ ነው። ለዶን ናውም የሚገባቸው፣ የጎደለውን አንድ ሰው ፈልጎ የሚያመጣላቸው ጎረቤት ነበር።