አውጫጭኝ በምሽጉ ሜዳ

ጎጆ ከወጣሁ በኋላ እንደ አባወራ ተቆጥሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራሁት ለጣልያን ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በአገራችን ደንብ በሬ ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ ማን እንዳደረገው ካልታወቀ፣ የአካባቢው አባወራ ሁሉ ለአውጫጭኝ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ መስቀል ፊት ቀርቦ ያየውን የሰማውን ይናገራል፤ ካላየም አላየሁም ብሎ ይምላል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ሁሉም ተጋግዞ ካሣውን ይከፍላል። ሰው ሥራ ፈቶ ቢውልም አያኮርፍም ነበር፤ ነገ የሚጠፋው የራሱ በሬ ሊሆን ይችላላ። አማቴ ከወረራው በፊት የአጥቢያ ዳኛ ስለነበሩ አውጫጭኙን ሲመሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

እርሻ ሊገባ ሲል ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል የሚሄደው የጣልያን የስልክ ሽቦ ከመንደራችን በታች ተቆርጦ አደረ። ማን እንደቆረጠው ያልሰማ አልነበረም። ጫካ የገቡት የኛው ልጆች ናቸው። በማግስቱ ከጣልያን ምሽግ የወጣ አዋጅ ገበያ ላይ ተነገረ፦ አባወራ ሁሉ ምሽጉ ሥር ላለው ሜዳ ይውጣ፤ የቀረ ቤቱ ይቃጠላል። በገዛ ደንባችን ሊያጠምዱን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን። ምክሩን ለምሽጉ አዛዥ፣ ለጣልያኑ መኮንን፣ የሰጠው የራሱ አስተርጓሚ ነው። የሌላ አገር ሰው ቢሆንም አማርኛው እንደኛው የጠራ ነበር፤ ለዚህም ከመኮንኑ ይልቅ እሱን ጠላሁት።

ሜዳው ዙሪያውን በባንዳ ተከቧል። መኮንኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥቂት ይናገራል፤ አስተርጓሚው አብዝቶ ይተረጉማል።

«መንግሥት ማለት እንዲህ ነው» አለን። «ንጉሡ ሮማ አለ። እንደራሴው አዲስ አበባ። ከሱ በታች ደብረ ማርቆስ ላይ ገዢው፣ እዚህ ደግሞ ጌታዬ። ከናንተ የሚፈለገው መታዘዝ ነው።»

«ከመንግሥቱስ ለኛ የሚፈለግ የለም?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ይኼ አይተረጎምም» አለ አስተርጓሚው። ወዲያው አንድ ባንዳ ሰውየውን በሰደፍ ጀርባውን አለው።

አማቴ ተጠርተው ወጡና መስቀል ይዘው ከቆሙት ከአጥቢያችን ቄስ አጠገብ ቆሙ። ቄሱ በሐሰት ለሚምል ሰው መስቀል አልሰጥም ብለው አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። እኔ ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ወደ ፊት ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው የመሐላውን ቃል ለሕዝቡ ሰጡ፦ «በመስቀሉ ፊት፣ የመንግሥታችንን ሽቦ የቆረጠ ሰው አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

«መንግሥታችን» የምትለዋን ጠበቅ ሲያደርጓት ሁላችንም ገባን። የኛ መንግሥት እዚያ ሜዳ ላይ ምን ሽቦ አለው? ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ፣ ቀና ብሎ፣ ኅሊናው ሳይቆጠቁጠው ማለ። አስተርጓሚው መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። ግማሹ ከማለ በኋላ ፊቱ ተለወጠ።

«ቁም!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ሽማግሌ፣ መንግሥታችን ያልከው የማንን ነው?»

«የኛን ነዋ።»

«የናንተ የቱ ነው?»

«አንተ የማታውቀው ነው» አሉት አማቴ።

ተራው የኔ ነበር። አስተርጓሚው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝና «የጣልያን መንግሥት ሽቦ ብለህ ማል!» አለኝ። ወደ ቄሱ ዞር ስል መስቀሉን ካባቸው ውስጥ ከተውታል።

«መስቀል ከሌለ መሐላ የለም» አልኩት። ፈርቼ ነው ያልኩት። የአስተርጓሚው አለንጋ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ግን ፍርሃቱ ጠፍቶ ንዴት ብቻ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። አስተርጓሚው ለመኮንኑ በቋንቋው ነገረው፤ መኮንኑ ደም መሰለ። ባንዳዎቹ መንደር ወርደው ያገኙትን የእርሻ በሬ ሁሉ ነዱ። አማቴን የፊጥኝ አስረው ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው። ስንቅ ላቀብላቸው ብል እንኳ አላስጠጉኝም።

ያን ዓመት መሬቱን በዶማ ቆፈርን። ጥቂት ጎረቤቶች በጣልያን ፈንታ በኛ ላይ ዞሩ። አንዷ ሚስቴን ወንዝ ላይ አግኝታ «በአባትሽ ምላስ ልጆቼ ጾማቸውን አደሩ» አለቻት። ሚስቴ እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች። እኔም እንደዚያ ያሉትን ሰዎች ሰላም ማለት ተውኩ፤ ዕርቅ ለማውረድ ሽማግሌ ቢላክብኝም እምቢ አልኩ። እየተራብኩ ነበርና ለማንም ርኅራኄ አልነበረኝም።

አማቴ ክረምቱ ሲወጣ ተለቀቁ። ጉልበታቸው ከጥቅም ውጭ ሆኖ፣ በሰው ትከሻ ነው እኛ ቤት የገቡት። እኔ ከእንግዲህ ዳኝነት የሚባል ነገር አይነሣም ብዬ ነበር። ሳይሰነብቱ ግን በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ሰዎች ደጃችን መጥተው ቆሙ።

«ለዚህ ዳኛ ምሽጉ ውስጥ ተሹሞላችሁ የለም እንዴ?» አልኳቸው በቁጣ።

«እዚያ ብንሄድ ሁለታችንም ተገርፈን እንመለሳለን እንጂ ማን ያስታርቀናል?» አለ አንደኛው።

አማቴ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ «በቅሎዋን ጫንልኝ» ብለው ተጣሩ። ደግፌ አወጣኋቸውና፣ ሁለቱ ባላጋራዎች ፊት ፊት እየሄዱ፣ ወደ ድንበሩ ወረድን።