በሹክሹክታ የመለስኩት ሰላምታ

ቅዳሜ ጠዋት ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ቄጠማ ውስጥ በሆዴ ተኝቻለሁ... ካሜራ ደቅኜ።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለውን ያንን ረጅም ወፍ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው፤ የመጽሐፉ ፎቶ ደግሞ የሌላ አገር ነው። የራሳችንን የጨፋ ረግረግ ወፍ አንስቼ አሳያችኋለሁ ብዬ ፎክሬ፣ ይኸው ሦስተኛ ቅዳሜዬ። ሁለቱን ጊዜ ጥንድ ወፎች አግኝቼ ገና ሳልጠጋ በረውብኛል። ተማሪዎቹም «ቲቸር፣ ወፉስ?» እያሉ መሳቅ ጀምረዋል።

በዚህኛው ግን ጥንዶቹ ከፊቴ ቆመው ይለቅማሉ። ትንፋሼን ውጬ ወደኔ እስኪዞሩ ስጠብቅ... ከወንዙ ማዶ ከብት የሚነዱ ሽማግሌ አዩኝ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው። ጮክ ካልኩ ደግሞ ወፎቹ መሄዳቸው ነው። በሹክሹክታ መለስኩ። አላህ ሰምቶኛል... ሽማግሌው ግን አልሰሙም።

«አካም ቡልቴ? ደህና አደርሽ ወይ?» ብለው ደገሙ። እጄን ትንሽ ብቻ አነሳሁላቸው። ይሄ ነገሩን አባሰው። በኛ አገር ሰላምታ የማይመልስ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። እኔና እሳቸው ደግሞ ተጣልተን አናውቅም... ስለዚህ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ከብቶቹን አስከትለው ወንዙን ተሻገሩ። ወፎቹም ብድግ ብለው በረሩ።

እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው። ምን ነካሽ፣ እባብ ነው ወይ እያሉ አጠገቤ ሲደርሱ ተነጫነጭኩባቸው፤ የመጣሁበትንም ነገርኳቸው። እሳቸው እቴ፣ ቅር እንኳ አላላቸውም።

«ልጄ፣ ሳር ውስጥ ተደብቆ ዝም የሚል አዳኝ ነው። ወፉም ይሄን ያውቃል። ተነሺ፣ ከከብቶቹ መሀል ቆመን እንደ ሰው እናውራ።»

ተነሳሁ። ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመርነው። እናቴን፣ አባቴን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን... አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ። እኔ በተራዬ የላሞቻቸውን ደህንነት ጠይቄ ሳልጨርስ ወፎቹ ተመልሰው መጡና ከከብቶቹ እግር ሥር የሚዘለውን ፌንጣ መልቀም ጀመሩ። ሃያ እርምጃ አይርቁም። ቀስ ብዬ ካሜራዬን አነሳሁ።

«ዝም እንዳትይ» አሉኝ ሽማግሌው። «ባልሽስ ደህና ነው?»

«ባል የለኝም አባባ።»

«ለምን?»

ፎቶውን ያነሳሁት ልክ እዚህ ላይ ነው።

ዘውዱ ከነወርቁ ይታያል፤ ደስታዬን አልደብቅም። ፎቶው ትንሽ ተንቀጥቅጧል ብቻ... ሰኞ ተማሪዎቼ ምክንያቱን ከጠየቁኝ፣ ነፋስ ነበር ነው የምላቸው።